ፀሐይ በቀኝ ጉንጬ፤ ከከሚሴ እስከ ቡሬ ገጠር

ቢስሚላህ። ይህን የምጽፈው ለሰፈሬ ሴቶች ነው። «ጎጃም ምን ዓይነት አገር ነው? ደርሰሽስ ምን አገኘሽ?» እያሉ በየተራ ይጠይቁኛል፤ ለአንዷ የነገርሁትን ለሌላዋ እዘለዋለሁ፣ ከዚያ «ለእሷ ነግረሽ ለእኔ ደበቅሽ» ይመጣል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስለየኝ ልጄ ሰይድ ነው፤ ትንሽ ተማሪ ሳለ እኔ ሽንኩርት ስልጥ እሱ መምህር ሆኖ ሀሁ ያስቆጥረኝ ነበር። ፊደሌ ከተንጋደደ እንግዲህ ጥፋቱ የመምህሬ ነው፤ አላህ ይዘንለት።

የሄድሁትም ለእሱ ነው። ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለፈው ክረምት፣ መንገድ በተዘጋበት ስልክም በጠፋበት ሰሞን፣ ከቡሬ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው የመቃብሩ አፈር ከደረቀ በኋላ ነው። «ገበሬዎች ቀበሩት» አሉን፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። አገሩ የክርስቲያን አገር ነው። ማን አጠበው? በምን ከፈኑት? ፊቱንስ ወደ ቂብላ ያዞረለት ነበር? ሞቱን አላህ ወስኖታል፤ ኢና ሊላሂ ብዬ ተቀብያለሁ። ይቺ ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። ልጄ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ መካ አድርጎ መተኛቱን ሳላውቅ እኔ በየትኛው ጎኔ ልተኛ? ጥር ላይ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ተነሣሁ።

ሰኞ፤ ከከሚሴ

ጎረቤቶቼ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። «አብሽሪ ዘሀራ፣ አብሽሪ» እያሉ ጀርባዬን ሲመቱኝ ጀርባዬ የነደደ መሰለኝ። አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ቴምር፣ አንዷ ደግሞ ለምን እንደሆነ ያልገባኝን ክኒን አስያዘችኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የመንገደኛውን ዱዓ አደረግሁ፤ «ይህን ለእኛ ያገራልን ጌታ ጥራት ይገባው፤ እኛም ወደ ጌታችን ተመላሾች ነን»። እግሬ መዞር ስለሚወድ ይህን ዱዓ ለዚያራም ለዘመድ ጥየቃም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። የሚያልቀው በመመለስ መሆኑን ልብ ያልሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ሌላም ዱዓ ይዣለሁ፤ መከራ ሲደርስ የሚባል። የሰፈራችን ሸህ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው ነው ያስያዙኝ። «አላሁመ አጂርኒ ፊ ሙሲበቲ ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ።» አላህ ሆይ፣ በመከራዬ ምንዳ ስጠኝ፤ ከእርሷም የተሻለ ተካልኝ ማለት ነው። የፊተኛውን ግማሽ እላለሁ። «የተሻለ ተካልኝ» ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ከሰይድ የተሻለ ምን አለና ነው የምለምነው? እንዲያ ብል ልጄን የለወጥሁት ይመስለኛል። ስለዚህ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በግማሽ ዱዓ ሄድሁ፤ እዚያም የእህቴ ልጅ ቤት አደርሁ።

ማክሰኞ፤ ዓባይን መሻገር

የዓባይ በረሃ ሲወርዱት ጆሮ ይደፍናል። ሰው ሁሉ በጋዜጣም በነጠላም ሲያራግብ እኔ ብቻ ተመቸኝ፤ የከሚሴ ሙቀት ነው፣ አገሬን አገኘሁት። ዳገቱን ስንወጣ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ጥላ ፈለግን።

«እናቴ፣ ለክርስትና ነው ለሠርግ?» አለኝ አጠገቤ የነበረ አንድ ወፍራም ነጋዴ።

«ለልቅሶ ነው። ልጄ ቡሬ ገጠር ተቀብሯል።»

የሰማው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንድ በአንድ «እግዜር ያጽናዎት»፣ «ነፍስ ይማር» ሲሉኝ በዚያ ድንጋይ ላይ ሁለተኛ ልቅሶ ተቀመጥሁ። ጎማው ሲጠገን ነጋዴው ከፊት ያለውን ወንበሩን ለቀቀልኝና እሱ ኋላ ሄዶ በእኔ ቦታ ተጣበቀ። እንደ እሱ ላለ ሰውነት ትልቅ ሰደቃ ነው።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው በምሽት ነው፤ ሰማዩ ደመና፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። የአልጋ ቤቱን ሰውዬ «ቂብላ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቂብላ... እዚህ ያረፉ ናቸው?» አለኝ፤ መዝገቡን ሊያይ ሲዞር ሳቄን ዋጥሁት።

እኛ ከሚሴ ቂብላ ፍለጋ የለብንም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ፊታችንን እንሰጣለን፣ አለቀ። እዚህ የደሴ መንገድ በየት ዞሮ እንደጠፋ እንጃ። ገምቼ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞሬ ሰገድሁ። ጧት መጋረጃውን ስገልጥ ፀሐይ ቀኝ ጉንጬ ላይ መውጣት ሲገባት ከጀርባዬ ወጣች። መግሪብንም ዒሻንም ሱብሒንም ጀርባዬን ለፀሐይ መውጫ ሰጥቼ ኖሯል የሰገድሁት። ግራ ለገባው መንገደኛ አላህ ይቀበላል፤ እሱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ስሰግድ የኖርሁ ሴት ቂብላዬን በአንድ ቀን መንገድ ካጣሁ፣ ሰግደው የማያውቁ ገበሬዎች ለልጄ ከየት ያገኙለታል?

ረቡዕ፤ ፍኖተ ሰላም

ከደብረ ማርቆስ ወዲህ አገሩ ይለሰልሳል። ሜዳው ሰፊ ነው፤ የበቆሎ አገዳ በየማሳው ቆሟል፣ ባሕር ዛፉ እንደ አጥር ተሰልፏል፣ በየመንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። የእኛ ተራራ ሰውን ያቅፈዋል፤ ይህ ሜዳ ሰውን ይለቀዋል። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሾፌሩ «ዛሬ ከዚህ አናልፍም፤ መኪናው ታሟል» አለ። መኪናው ሳይሆን እሱ እንደታመመ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ቤተሰብ አለው አሉ። ውረዱ ተባልን።

ያረፍሁበት ቤት የአንዲት የሺ የምትባል ሴት ነው፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ። ግቢዋ ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም፤ መሬቱ ራሱ የተቃጠለ ይመስላል። የአሱር ሶላት ደረሰና ከበርበሬው ዳር ባዶ ቦታ አግኝቼ ስጋጃዬን ዘረጋሁ። ይህን ጊዜ ቂብላዬን ከፀሐይ አጣርቻለሁ። የመጀመሪያው ሱጁድ ላይ ግንባሬ መሬት ሲነካ አፍንጫዬ ተቃጠለ። አስነጠስሁ። ስነሣ አስነጠስሁ፣ ስሰግድ አስነጠስሁ፣ እንባዬ በአገጬ ላይ ወረደ። እንደምንም አሰላምቼ ሶላቴን ጨረስሁና ፊቴን በሻሼ ይዤ ተቀመጥሁ። የሺ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

«እማማ፣ ይብቃዎት! እንዲህ ተለቅሶ ማን ተረፈ? ዓይንዎ ይጥፋ እንዴ? አምላክ ያውቃል፣ እማማ!» እሷም ማልቀስ ጀመረች፤ አንገቴን አቅፋ።

«የኔ ልጅ፣» አልኋት ሲቻለኝ፣ «ልቅሶ አይደለም። በርበሬሽ ነው።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ እሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ድምፄ ለሳቅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ከማን አፍ እንደወጣ ዞሬ የማይ መሰለኝ። የሺ ሆዷን ይዛ «ኧረ ይቅር በለኝ፣ ጸሎት በበርበሬ አጠንሁባት!» ትላለች።

ለእራት ሽሮ አመጣች። «ሥጋ ነክቶት አያውቅም ድስቱ፤ ዕለቱም ረቡዕ ነው፣ ይብሉ» አለችኝ ሳልጠይቃት። ጠላውን ግን እንዳልነካው ስታይ ብድግ አለችና ማር በውኃ በጥብጣ ብርዝ ሰጠችኝ። «ጠጅ ሳይሆን በሕፃንነቱ ነው የያዝሁልዎት» አለችኝ። ያ ማር! የእኛ አገር ማር ይጣፍጣል፤ የጎጃም ማር ግን አበባውን ይነግርሻል። ያን ምሽት ስለ ሰይድ ጠየቀችኝ፤ ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ። ሀሁ እንዳስቆጠረኝ ነገርኋት።

ሐሙስ፤ ቡሬ፣ ከዚያም ገጠር

ቡሬ መስጊድ አገኘሁ። አዛን መስማት፣ ሰው በባዕድ አገር የእናቱን ድምፅ እንደመስማት ነው። የመስጊዱ ሸህ ሽማግሌ ናቸው፣ እርጋታቸው ያሳርፋል። የሰይድን ስም ገና ስጠራ አወቁ።

«የቀበረው ገበሬ ለገበያ መጥቶ ነገረን፤ አያ ምህረቴ ይባላል። ‹ከናንተ ወገን አንድ ሰው ሞቶብን ቀብረነዋል› አለ። እኛም እዚሁ ሆነን በሩቁ ሰገድንበት። ልንሄድ ስንል መንገዱ መልሶ ተዘጋ።»

«እንዴት አድርገን ቀበርነው አለ?»

ሸሁ መሬት መሬት አዩ። «አልጠየቅሁትም፣ እናቴ። ደክሞ፣ አዝኖ ነው የመጣው። እንደራሳቸው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ምን እለዋለሁ? ስላላወቁት ነገር አይጠየቁም።»

«እንደዚያ ከሆነ መቃብሩ ይከፈታል?»

«ይህን ያህል ቆይቶማ አይከፈትም። ለአላህ እንተወዋለን።»

ምሳ አብልተውኝ በባጃጅ አሳፈሩኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ተመለሺ የሚል። ካላየሁት ደህና ተኝቷል ብዬ ማሰብ እችላለሁ። አይቼው ያለ አኳኋኑ ከሆነ ግን ምንም ላደርግለት አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የማይነቀል እሾህ ነው። «ሐስቡነላህ፣ አላህ ይበቃናል» አልሁ፣ ደጋግሜ። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ አወረደኝና ዞሮ ሲሄድ የመመለሻውን ነገር ይዞብኝ ሄደ።

በእግሬ ስጠይቅ ስጠይቅ የአያ ምህረቴ ቤት ደረስሁ። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሚስቱ እታገኘሁ ትባላለች፣ በዕድሜ የእኔ አቻ። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ያወራሉ፣ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ። «የሰይድ እናት ነኝ» ስል ባልየው ኮፍያውን አወለቀ፤ እሷ ግን ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «መጡ! ይምጡ ብዬ፣ ደግሞ አይምጡ ብዬ ስንት ለመንሁ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔም ይህንኑ ስል አልነበር የመጣሁት?

ለመግሪብ ውዱእ ማድረጊያ ውኃ ጠየቅኋት። ጆጉን አልሰጠችኝም፤ ራሷ ታፈስልኝ ጀመር። ለእጄ፣ ከዚያ ለአፌ፣ ለአፍንጫዬ፣ ለፊቴ፤ ሳልነግራት በየቦታው ቆም፣ ፈሰስ ታደርጋለች። እግሬ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ በእጇ አጠበችኝ፤ ይህኛው የእንግዳ ሥርዓታቸው ነው።

«ማን አስተማረሽ?» አልኋት።

«ቡሬ ነው ያደግሁት፣ እታለም» አለችና ገባች።

ምግቡን በአዲስ የሸክላ ሳህን አቀረቡልኝ፤ ለብቻው፣ ገና አመድ አመድ የሚሸት። ስለ መቃብሩ ማንም አላነሣም። እኔ ልጠይቅ እፈራለሁ፣ እታገኘሁ ልትነግረኝ ትፈራለች፣ አያ ምህረቴ የሁለታችንን ፊት እያየ ስለ ዘንድሮ በርበሬ ዋጋ ያወራል። ሰይድ በዚያ ቤት መካከላችን ተቀምጦ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ዓርብ፤ ማሳው ላይ

ረፋድ ላይ ወሰዱኝ። ከቤታቸው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከማሳቸው ጫፍ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይሆንምና አያ ምህረቴ ከራሱ መሬት ቆርሶ ሰጠ። ድንጋይ በሥርዓት ተከምሮበታል፤ ዙሪያውን እሾህ አጥረውለታል፣ ከብት እንዳይረግጠው። ገና ከሩቅ ሳየው ግን ቆም አልሁ። በመንገዴ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸውን መቃብሮች አይቼ ነበር፤ ቁመታቸው ከፀሐይ መግቢያ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። የልጄም እንደዚያው ነው። የእኛም ሰው ፊቱን ወደ መካ አድርጎ በጎኑ ሲተኛ በዚህ አገር ቁመቱ ያው ይሆናል። ራሱን በየት፣ ፊቱን በየት እንዳደረጉት ግን ድንጋዩ አይናገርም።

ደግሞም ከመቃብሩ ጎን፣ አግድም ሆኖ፣ ሰው የሚያህል ጎድጓዳ አየሁ። የደረቀ የዱባ ሐረግ ሞልቶታል።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አልሁ።

«እሱ የእኛ ስሕተት ነው» አለ አያ ምህረቴ። «አይደንግጡ፣ ባዶ ነው። ከልጅዎ ኪስ ውስጥ መንጃ ፈቃድና መቁጠሪያ አገኘን፤ ስሙንም እስላም መሆኑንም አየን። ሰው ወደ ቡሬ እንዳንልክ መንገዱ የማይታሰብ ነው። እሷ ‹ፊታቸውን በዚህ በኩል ነው የሚያዞሩት› አለችን። እኛ ሬሳ የምናስተኛው በጀርባው ነው፤ እግሩ ወዳለበት ነው የሚያየው። እንግዲህ እግሩን በዚያ በኩል አድርገን ቆፈርን። በዝናብ፣ ጭቃ እስከ ጉልበት! ጨርሰን ልናወርደው ስንል ይቺ ሴት ጮኸች።»

«‹በጎኑ ነው! በቀኝ ጎኑ ነው!› አልኋቸው» አለች እታገኘሁ። «ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን እስላሙ ሸማኔ ሲሞት ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሴት ብሆንም ልጅ ናት ብለው አላባረሩኝም፤ አጠባውን በአጥር አየሁ፣ ቀብሩንም በሩቁ ተከትዬ አየሁ። ሰይድን ወንዶቹ ሲያጥቡት ከመጋረጃ ወዲያ ሆኜ እነግራቸው ነበር፤ ‹ቀኙን አስቀድሙ፣ ደግማችሁ አፍስሱ› እያልሁ። የተከፈነው ለመስቀል ባሠራነው ጋቢ ነው፤ አዲስ ነው፣ ማንም አልለበሰው።»

«ጋቢው የእኔ ነበር» አለ አያ ምህረቴ። «‹እንደገና ቆፍሩ› ስትል ወንዶቹ ሊበሏት ደረሱ። ‹ያንቺ ዘመድ ነው?› አሏት። እሷ ደግሞ ‹ያለ አኳኋኑ ካስተኛችሁት የእኔ ዘመድ ነው› አለቻቸው። ቆፈርን።»

ተቀመጥሁ። ታጥቧል። ተከፍኗል። «እሺ፣ ፊቱስ?» አልሁ። «ፊቱን በየት በኩል አደረጋችሁት? ራሱ የቱ ጋ ነው?»

እታገኘሁ ከንፈሯን ነከሰች። «አልነግርዎትም።»

«ምነው፣ እታለም?»

«ከነገርሁዎት እንዳላዝን ብለው ልክ ነው ይሉኛል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየባነንሁ ነው፤ የሰው ልጅ አጣምሜ አስተኝቼ ቢሆንስ? ጸሎቱን አናውቀውም፣ እሱን ለእናቱ ብለን ተውነው። እርስዎ ይቁሙና ይጸልዩ። ወዴት እንደሚዞሩ እኔ ልይ።»

እንዲህ ያለ ሚዛን አይቼ አላውቅም። ውዱእ ነበረኝ። ስጋጃዬን ይዤ ተነሣሁ። ፀሐይዋን አየሁ፤ ከዋንዛው በላይ ወጥታለች። ፊቴን አዞርሁና ቀኝ ጉንጬ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ ብዬ ተስተካከልሁ። ከመቃብሩ ወዲህ ነበር የቆምሁት፤ ልጄ ከፊቴ ተጋድሟል። «አላሁ አክበር» ብዬ እጄን ሳነሣ ከኋላዬ ትንፋሽ ሲቆም ሰማሁ። ሰላተል ጀናዛን፣ የሬሳውን ሶላት፣ ሰገድሁለት፤ ሩኩዕ የለው፣ ሱጁድ የለው፣ ቆሞ ነው። ስንቱን ሟች የሸኘሁበት ሶላት ለልጄ ዘግይቶ ደረሰ። በቀኝም በግራም ሳላሰላምት እታገኘሁ አልቻለችም።

«እልልልል! ቀኝ ጉንጯን! ምህረቴ፣ ቀኝ ጉንጯን መታት!» ትላለች፤ ታለቅሳለች። «ያቺ የሸማኔው ሚስት ረፋድ ስትሰግድ ፀሐዩ ቀኝ ጉንጯን ነበር የሚመታው፤ ያችን ይዤ ነው ያዞርሁት! ራሱ በፀሐይ መውጫ ነው፣ በቀኝ ጎኑ ነው፣ ፊቱ አንቺ ባየሽበት ነው!» እርስዎ ማለቷን ረስታ አንቺ ብላኝ አረፈችው።

አሰላመትሁና ሄጄ ተጠመጠምሁባት። ማን ማንን እንደሚያጽናና አልታወቀም። አያ ምህረቴ ዋንዛውን ተደግፎ «ሁለት ጉድጓድ አስቆፍራኝ አሁን እልል ትላለች» አለ፣ ዓይኑን በኮፍያው እየጠረገ።

ከሰዓት ሰዉ ተሰበሰበ፤ የቆፈሩት ወንዶች፣ ሚስቶቻቸው። እነሱ ሟቻቸውን ሰው ሳያበሉ አይሸኙም፣ የሰይድ ድግስ ሳይደገስ መቅረቱ ከብዷቸው ቆይቷል። በጉን ማን ይረድ? እኔ የእነሱን ቢላ አልበላም፣ እነሱ የእኔን አይበሉም፤ ደግሞ ዕለቱ ዓርብ ነው። እታገኘሁ ስንዴና ሽምብራ ቀቀለች። ንፍሮ ቢላ አይጠይቅም። ከአንድ ሰፌድ እየዘገንን በላን፤ እኔ «ሰደቃው ይድረሰው» አልሁ፣ እነሱ «ነፍስ ይማር» አሉ። የሰይድን መቁጠሪያ እታገኘሁ ከሙዳይ አውጥታ ሰጠችኝ፤ በጥጥ ጠቅልላ ነው ያቆየችው።

ቅዳሜ፤ መመለስ

አያ ምህረቴ በበቅሎው አስፋልት ድረስ አደረሰኝ። እታገኘሁ አብራ በእግሯ መጣች፤ አንድ ዱባ ታቅፋለች። «ከዚያ ከስሕተታችን ጉድጓድ የበቀለ ነው» አለችኝ። «ውኃ ሲያቁር ጊዜ አዝኜ ዘር ጣልሁበት። ይውሰዱት፤ አፈሩ የአንድ ቦታ አፈር ነው።» አሁንም ወደ እርስዎ ተመልሳለች።

ዱባ ይዞ ሁለት ቀን መጓዝ ቀላል አይደለም። ፍኖተ ሰላም ላይ የሺ አይታ «እማማ፣ ወልደው መጡ እንዴ!» ብላ የብርዝ ጠርሙስ ጨመረችብኝ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ ልጫነው ቢል እንቢ አልሁ። ዓባይን ስንወርድ ዱባው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ መጣ፣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሰው ማራገብ ጀመረ። እኔ የለመድሁትን ዱዓ ይዣለሁ። «አላሁመ አጂርኒ ፊ ሙሲበቲ» አልሁ፤ ምላሴም ሳይጠይቀኝ ቀጠለ፤ «ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ»። ሰምቼው ደነገጥሁ። ለካ ልጄን መለወጥ አይደለም። አላህ ምን እንደሚተካልኝ አላውቅም፤ እኔም አልመርጥለትም። ብቻ ሙሉውን አልሁት፤ ደገምሁትም።

ዱባውን እናንተው ናችሁ የበላችሁት፤ ዘሩን ግን አልሰጠሁም፣ ክረምት ሲገባ ከደጄ ይተከላል። ስለ ጎጃም የጠየቃችሁኝ እንግዲህ ይኸው ነው። ማታ ቤቴን ዘግቼ በቀኝ ጎኔ እተኛለሁ፣ ፊቴን ወደ ደሴ መንገድ አድርጌ፤ እሱም በዚያው በኩል እያየ ነው። እንቅልፍም ይወስደኛል።